መከታተያውን የምንደብቀው ከማን ነው?

መኪና ውስጥ ስለሚደበቅ መከታተያ መሣሪያ ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ ዝርዝሩ ይገባል፤ ቦታን በስንት ሜትር ልዩነት ያሳያል፣ ባትሪው ምን ያህል ይቆያል፣ ስልክ ላይ የሚጫነው መተግበሪያ ይመቻል ወይ ይባላል። እኔም መሣሪያውን ለማስገጠም ስወስን የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር። ውሎ አድሮ ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚከብድ አንድ ጥያቄ አእምሮዬን ያዘው፤ መሣሪያውን የምንደብቀው ከማን ነው? ከሌባ ነው ብሎ መመለስ ቀላል ነው፤ መልሱም ትክክል ነው። ሆኖም ስለ አሠራሩ፣ ስለ ሌቦች ዘዴና በመኪናው ስለሚጓዙት ሰዎች ባሰብኩ ቁጥር መሣሪያውን ጠቃሚ የሚያደርገውም፣ ጎጂ ሊያደርገው የሚችለውም ያው አለመታየቱ መሆኑ ይበልጥ እየገባኝ መጣ።

አስቀድሞ ግን መሣሪያው የማይሠራውን ሥራ ማወቅ ይገባል። መከታተያ በር አይቆልፍም፣ መሪ አያስርም፣ የተደበቀ በመሆኑም ሌባውን ዓይቶት እንዲሸሽ አያደርገውም። ያ የሌሎች መሣሪያዎች ድርሻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በአዳዲስ መኪኖች ላይ ግዴታ የሆነው ኢሞቢላይዘር በቁልፉ ውስጥ ያለውን ቺፕ ካላወቀ ሞተሩ እንዳይነሳ ያደርጋል፤ ሽቦ አገናኝቶ ሞተር የማስነሳትን የቆየ ዘዴም በእጅጉ አዳክሞታል። ሌቦች ግን ቁልፍ ሳይነካ የሚነሱ መኪኖች ሲበዙ ሌላ መንገድ አገኙ። ቤት ውስጥ ከተቀመጠው ቁልፍ የሚወጣውን የሬዲዮ ምልክት በሁለት መሣሪያዎች ተቀባብለው ወደ መኪናው ያደርሱታል፤ መኪናውም ባለቤቱ አጠገቡ የቆመ መስሎት በሩን ይከፍታል፣ ሞተሩንም ያስነሳል። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ኢያን ታቦር የተባለ የመኪና ሳይበር ደኅንነት ተመራማሪ የራሱ ቶዮታ ራቭ ፎር ተሰረቀበት። ከባልደረባው ጋር ባደረገው ምርመራ ሌቦቹ በፊት መብራቱ በኩል ወደ መኪናው የውስጥ መገናኛ መስመር ገብተው፣ ትክክለኛ ቁልፍ የቀረበ የሚያስመስል የሐሰት መልእክት የሚልኩበትን ዘዴ ገለጠ። እንዲህ ያለው ሌባ መስታወት አይሰብርም፣ የማንቂያ ድምፅም አይቀሰቅስም። መከታተያው ተራው የሚደርሰው እነዚህ መከላከያዎች ሁሉ ከተሸነፉ በኋላ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው ለረፈደበት ጩኸት ቢሆንም፣ ይህ መሣሪያ ግን ጅቡ ከሄደ በኋላም መጮኹ ይጠቅማል፤ የገባበትን ጉድጓድ ይናገራልና።

ለመሆኑ የገባበትን እንዴት ያውቃል? የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው እየዞሩ የሰዓት ምልክት ያሰራጫሉ፤ በመኪናው ውስጥ ያለው መቀበያ ቢያንስ ከ4 ሳተላይቶች ምልክት ሲያገኝ፣ እያንዳንዱ ምልክት ለመድረስ የወሰደበትን ጊዜ አነጻጽሮ ያለበትን ቦታ ያሰላል። መቀበያው ወደ ሳተላይቶቹ የሚልከው ነገር የለም፤ ዝም ብሎ ያዳምጣል። ዝም ብሎ የሚያዳምጥን ነገር ደግሞ በሬዲዮ ፍተሻ ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ችግሩ ያወቀውን ቦታ ለባለቤቱ ማሳወቅ ስላለበት ነው፤ ለዚህም ሲም ካርድ ይዞ በሞባይል ኔትዎርክ መልእክት ይልካል። ምልክት የሚፈልግ መሣሪያ የያዘ ሌባ ሊይዘው የሚችለው በዚያች በሚልክባት ቅጽበት ነው። ስለዚህ መሣሪያን መደበቅ ከዓይን ከመሰወር ያለፈ ጉዳይ ነው፤ መቼ እንደሚናገርና መቼ ዝም እንደሚል መወሰንም የመደበቁ አካል ነው።

ከዓይን የመሰወሩ ጥበብ ግን በራሱ ሰፊ ነው። የእኔን መኪና የሠራው ኤሌክትሪሺያን ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ለረጅም ጊዜ መኪናውን ዝም ብሎ ሲመለከት አይቼዋለሁ። ከመሪው ሥር ባለው የመመርመሪያ ሶኬት ላይ መሰካት እንደሚቻል ሳነሳበት ራሱን ነቀነቀና «እዚያማ ሌባው መጀመሪያ እጁን የሚሰድበት ቦታ ነው፣ ወንድሜ» አለኝ። ከሬዲዮው ጀርባም አይሆንም አለ፤ ሬዲዮ ራሱ የሚሰረቅ ዕቃ ነውና። ቀጥሎም የመረጠውን የፕላስቲክ ሽፋን ፈታ፤ የሳተላይት ምልክት ፕላስቲክንና ጨርቅን አልፎ ቢገባም ብረት ስለሚያግደው፣ የመሣሪያው አንቴና ያለበት ፊት ወደ ሰማይ እንዲያይ አድርጎ አስተኛው። ሦስቱን ሽቦዎች፣ ማለትም ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ያለውን፣ ቁልፍ ሲዞር ብቻ የሚነቃውንና ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰረውን፣ ከፋብሪካ ከመጡት ሽቦዎች ጋር አጣምሮ በዚያው ዓይነት ጥቁር የጨርቅ ናስትሮ ጠቀለላቸው። አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ ናስትሮ ቢጠቀም ኖሮ መኪና የሚያውቅ ሰው በአንድ ዕይታ ይለየው ነበር። በመጨረሻም እኔ ልብ ያላልኩትን ነገር አደረገ፤ ኔትዎርክ ሲያገኝ ብልጭ ድርግም የምትለውን ትንሿን መብራት ሸፈናት። በጨለማ ጋራዥ ውስጥ በሽፋኑ ስንጥቅ በኩል የምትታይ አንዲት አረንጓዴ ብልጭታ የሥራውን ሁሉ ድካም ከንቱ ልታደርግ ትችላለች።

የዚህ ባለሙያ ሌላው ልማድ በሁለት መኪናዎች ላይ መሣሪያውን በአንድ ዓይነት ቦታ አለመግጠሙ ነው። ይህን ሲነግረኝ መጀመሪያ የመሰለኝ የሥራ ኩራት ብቻ ነበር፤ አሁን ግን ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ እንደሆነ አምናለሁ። አንድ ድርጅት የሚገጥማቸውን መሣሪያዎች ሁሉ በሾፌሩ ወንበር ሥር የሚያስቀምጥ ከሆነ ሌባው መፈለግ አያስፈልገውም፤ አንዴ ያወቀውን ቦታ በሌላውም መኪና ላይ ይደግመዋል።

ከመሣሪያው መደበቅ የሚጠቀመው ባለቤቱ ብቻ እንዳልሆነ ያሳየን ጂፒኤስ ለመኪና ከመዋሉ በፊት የነበረ መሣሪያ ነው። ሎጃክ የሚባለው የሬዲዮ መከታተያ እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ግዛት ሥራ ጀመረ። መኪናው መሰረቁ ለፖሊስ ሲነገር ከሩቅ በሚላክ የሬዲዮ ምልክት ይነቃል፤ ከዚያም ራሱ ምልክት መስጠት ይጀምራል፣ መቀበያ የተገጠመላቸው የፖሊስ መኪኖችም ምልክቱን ተከትለው ይደርሱበታል። መሣሪያው እንዳለ የሚናገር ምንም ምልክት ግን በመኪናው ላይ አይለጠፍም ነበር። ኢያን አይረስና ስቲቨን ሌቪት የተባሉት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት፣ በትልልቅ ከተሞች መሣሪያው የተገጠመላቸው መኪኖች ድርሻ በ1 የመቶኛ ነጥብ ሲጨምር የመኪና ስርቆት በ20 በመቶ ገደማ መቀነሱን አሳዩ። ምክንያቱም ሌባው የትኛው መኪና መሣሪያ እንዳለው ስለማያውቅ ሁሉንም መኪና መጠርጠር ይጀምራል። በዚሁ ጥናት መሠረት ገንዘቡን አውጥቶ መሣሪያውን ያስገጠመው ሰው ከጠቅላላው ጥቅም የሚደርሰው ከ10 በመቶ በታች ነው፤ ቀሪውን የሚያገኙት ምንም ያልከፈሉት ሰዎች ናቸው።

ይህን ግኝት ሳስበው ደስ ይለኛል። አንድ ሰው ለራሱ ንብረት ብሎ ያደረገው ነገር ለማያውቀው ሰው ጥላ ሲሆን ማየት ብርቅ ነው። በሜክሲኮ የሆነው ደግሞ የተገላቢጦሹን ያስረዳል። እዚያ በአንዳንድ ግዛቶች የተወሰኑ የፎርድ ሞዴሎች በሙሉ መሣሪያው ተገጥሞላቸው እንዲሸጡ ሲደረግና ይህም ሲታወቅ፣ የእነዚያ መኪኖች ስርቆት ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ፤ ነገር ግን መሣሪያው ባልደረሰባቸው አጎራባች ግዛቶች የእነዚያው ሞዴሎች ስርቆት ጨመረ። የሚታወቅ ጥበቃ ሌባውን ወደ ሌላ ሰው መኪና ይገፋዋል፤ የማይታወቅ ጥበቃ ግን ሥራውን ራሱን ያከብድበታል። በመስታወታቸው ላይ «ይህ መኪና ክትትል አለው» የሚል ጽሑፍ የሚለጥፉ ሰዎች ምክንያታቸው ይገባኛል፤ የራስን መኪና ማስቀደም ነውር አይደለም። እኔ ግን አልለጠፍኩም። ጽሑፉ ለባለሙያ ሌባ ሁለተኛ መልእክት አለው፤ መኪናውን እንደያዘ ምን መፈለግ እንዳለበት ይነግረዋል።

ሌባውም ቢሆን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። የሳተላይት ምልክት ምድር ሲደርስ እጅግ ደካማ ስለሆነ በኪስ የሚያዝ ትንሽ ጃመር፣ ማለትም የሬዲዮ ምልክት የሚያፍን መሣሪያ፣ በአቅራቢያው ያለውን መቀበያ ሊያደነቁረው ይችላል፤ አንዳንዱ ጃመር የሞባይል ኔትዎርኩንም አብሮ ይዘጋል። መኪናውን በብረት ኮንቴይነር ውስጥ ማስገባትም ውጤቱ ያው ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ምንም መሣሪያ የማይጠይቀው ዘዴ ነው። ሌቦች የሰረቁትን መኪና ብዙ መኪና በሚቆምበት ቦታ ወይም ጸጥ ባለ መንገድ ዳር ጥለውት ይሄዱና ለተወሰኑ ቀናት ከሩቅ ይጠብቃሉ። ፖሊስ ወይም ባለቤቱ ከመጣ መከታተያ አለው ማለት ነው፤ ማንም ካልመጣ ተመልሰው ይወስዱታል።

ለዚህ የሚሰጠው የተሻለ መልስ ሁለተኛ መሣሪያ መጨመር ይመስለኛል። የመጀመሪያው ከመኪናው ባትሪ ጋር የተያያዘና በየጊዜው የሚናገር ነው፤ ሌባው ቢያገኘውና ቢነቅለው እንኳ ሥራውን የጨረሰ መስሎት ሊረጋጋ ይችላል። ሁለተኛው ከመኪናው ሽቦ ጋር ፈጽሞ አይገናኝም፤ የራሱ ባትሪ ስላለው በኋላ ባምፐር ውስጥም ሆነ በወንበር ስፖንጅ ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ተኝቶ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ነቅቶ ቦታውን ይልክና ተመልሶ ይተኛል። ሲተኛ ምንም ስለማይልክ በፍተሻ አይገኝም፤ ጃመር ይዞ መኪናውን ለሳምንታት ሙሉ ሲያደነቁር የሚውል ሌባም የለም። ጉድለቱ ግልጽ ነው፤ እየሸሸ ያለን መኪና ደቂቃ በደቂቃ ሊያሳይ አይችልም። ተደብቆ የቆመን መኪና ለማግኘት ግን ከእርሱ የሚሻል አላየሁም።

አንዳንዶች ለዚህ ሁለተኛ ሥራ የአፕልን ኤርታግ ይጠቀማሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ይህ ትንሽ ዕቃ ጂፒኤስም ሲም ካርድም የለውም፤ በብሉቱዝ የሚልከውን ምልክት በአጠገቡ የሚያልፉ የአፕል ስልኮች ሰምተው ቦታውን ለባለቤቱ ያደርሳሉ። ርካሽ ነው፣ ባትሪውም ረጅም ጊዜ ይቆያል። ይሁን እንጂ ሰዎች ሌላውን ሰው በስውር እንዳይከታተሉበት ሲባል፣ የሌላ ሰው ኤርታግ አብሮት የሚጓዝ ስልክ ለባለቤቱ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ተደርጎ ተሠርቷል፤ ከግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮም አፕልና ጉግል ተስማምተው ማስጠንቀቂያው በአንድሮይድ ስልኮችም እንዲሠራ አድርገዋል። ስለዚህ መኪናውን እየነዳ ያለው ሌባ ስልኩ ራሱ ያጋልጥለታል። ይህን እንደ ጉድለት የሚያማርሩ ብዙ ናቸው። እኔ ግን የአምራቾቹ ውሳኔ ትክክል ነው እላለሁ፤ ከአንድ መኪና መጥፋት ይልቅ በማታውቀው ዕቃ የምትሳደድ ሴት ሕይወት ይበልጣልና። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ላይ በካናዳ የዮርክ ክልል ፖሊስ እንዳስታወቀው፣ ሌቦች ራሳቸው በገበያ ማዕከል በቆሙ ውድ መኪኖች ላይ ኤርታግ እየደበቁ፣ ባለቤቱ ቤቱ ሲገባ ተከትለው ይሰርቁ ነበር። ያው የመደበቅ ጥበብ በተቃራኒው እጅ ሲገባ ይህን ይመስላል።

እዚህ ላይ ነው ጥያቄው የሚከብደው። መኪና የሚነዳው ሁልጊዜ ባለቤቱ አይደለም፤ የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ፣ ወንድም፣ ቅጥር ሾፌር ይነዳዋል። ከሌባ የተደበቀው መሣሪያ ከእነርሱም ከተደበቀ፣ ንብረት ጠባቂ መሆኑ ቀርቶ ሰው ሰላይ ይሆናል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 በጆንስ ጉዳይ፣ ፖሊስ ፈቃዱ ጊዜው ካለፈበት በኋላ በአንድ ተጠርጣሪ መኪና ላይ መከታተያ ገጥሞ ለ28 ቀናት መከታተሉ ሕገ መንግሥቱ የሚገዛው ፍተሻ ነው ሲል ያለ ልዩነት ወስኗል። የሰው የየቀኑ መንገድ ሲደማመር የት እንደሚታከም፣ የት እንደሚጸልይ፣ ከማን ጋር እንደሚገናኝ ሁሉ ይናገራል። የሚከታተለው ዓይን የከበደበት ሰው ደግሞ መሸሻ ይፈልጋል፤ በኒው ጀርሲ የድርጅቱን ፒክአፕ የሚነዳ አንድ ሾፌር አሠሪው እንዳይከታተለው ብሎ ጃመር ይዞ ሲዞር በኒውዋርክ አውሮፕላን ማረፊያ የሚገኘውን የማረፊያ መርጃ ሥርዓት አውኮ እ.ኤ.አ. በ2013 ከ31,000 ዶላር በላይ ቅጣት እንዲከፍል ሐሳብ ቀርቦበታል። ሾፌሩ አጥፍቷል፤ ቢሆንም ከሥራ ሰዓት ውጪ የማይጠፋ ክትትል ሰውን እስከምን ድረስ እንደሚያደርሰው ማየትም ተገቢ ነው።

በቤቴ የተስማማንበት ደንብ አጭር ነው። መኪናውን የሚነዳ ሁሉ መሣሪያው እንዳለ ያውቃል፤ የት እንዳለ ማወቅ ግን ለማንም አያስፈልግም። ታናሽ ወንድሜ መኪናውን ሲዋስ «አንተ የት እንደምሄድ ልታይ ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ መተግበሪያውን ከፍቼ አሳየሁት፤ የሚያስጠነቅቀኝ ሞተሩ ሳይነሳ መኪናው ሲንቀሳቀስ፣ ሲጎተት ወይም የባትሪው ሽቦ ሲነቀል ነው። የጉዞ ታሪኩም አገልግሎቱ በፈቀደው አጭር ጊዜ ውስጥ እንዲጠፋ አድርጌዋለሁ። ስርቆትን ለመከላከል የሦስት ወር የጉዞ ታሪክ ምን ይሠራል? ማስረጃ የሚያስፈልገው ከስርቆቱ ሰዓት ጀምሮ ላለው ነው።

ከዚህም ሌላ ማንም የማያየው ተመልካች አለ፤ መረጃው የሚጠራቀምበት የአገልግሎት ሰጪው ኮምፒውተር (ሰርቨር)። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 ቢትሳይት የተባለው የደኅንነት ድርጅት ኤምቪ720 በተባለ ርካሽ መከታተያ ላይ 6 ከባድ ክፍተቶች ማግኘቱን አሳውቋል። ከእነዚህም አንዱ ለሁሉም መሣሪያ አንድ ዓይነት የሆነ፣ በሥርዓቱ ውስጥ አስቀድሞ የተጻፈ የይለፍ ቃል ሲሆን፣ እርሱን ያወቀ ሰው የመኪናውን ቦታ ማየት ብቻ ሳይሆን ነዳጁን ከሩቅ ማቋረጥም ይችል ነበር። የአምራቹ መሣሪያዎች በ169 አገሮች ይሠሩ ነበር። ሞተርን ከሩቅ የሚያጠፋው ማቋረጫ (ሪሌ) እንዲገጠምልኝ ያልፈለግሁት በዚህ ምክንያት ነው። በፍጥነት ላይ ያለ መኪና ሞተሩ ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፣ የፍሬኑም አጋዥ ኃይል ይዳከማል፤ ትእዛዙን የሚሰጠው ሌላ ሰው ቢሆን ደግሞ በመንገድ ላይ ያለሁት እኔ እሆናለሁ። መሣሪያ የሚገዛ ሰው ቢያንስ ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃል፣ ብዙ ጊዜ 123456 የሆነውን፣ በዕለቱ ይቀይር።

መሣሪያው ከባለቤቱም ሊደበቅ ይችላል፤ ይህ በደንብ የተደበቀ ነገር ሁሉ ዕጣ ነው። የማይታይ ነገር ይረሳል። ሲም ካርዱ ሳይከፈልበት ይዘጋል፣ የውስጥ ባትሪው ያረጃል፣ የቴሌኮም ድርጅቱ አሮጌውን ኔትዎርክ ያጠፋል። በአሜሪካ ኤቲ ኤንድ ቲ የ3ጂ ኔትዎርኩን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 ሲዘጋ፣ በዚያ ብቻ ይናገሩ የነበሩ የመኪና መሣሪያዎች ካልተቀየሩ በስተቀር ድዳ ሆነው ቀርተዋል። ስለዚህ በየወሩ መጀመሪያ ላይ መኪናው ያለበትን ቦታ አንዴ አይቼ፣ ሁለቱም መሣሪያዎች መናገራቸውን አረጋግጣለሁ።

ስርቆት በደረሰ ጊዜ ግን ይህ ሁሉ ምስጢር በአንድ አፍታ ለትክክለኛው ሰው መገለጥ አለበት። መኪናው ወደሚታይበት ቦታ ራስን ይዞ መሄድ አደገኛ ነው፤ በዚያኛው ጫፍ የሚጠብቀው ማን እንደሆነ ካርታው አያሳይም። ሊሄድ የሚገባው ፖሊስ ነው፤ ፖሊስ ደግሞ ፈጥኖ እንዲሄድ መረጃው የተሟላ መሆን አለበት። ታርጋ፣ የሻሲ ቁጥር፣ ቀለምና ሞዴል፣ መኪናውን ከሌሎች የሚለይ ጭረት ወይም ምልክት፣ የመሣሪያው መለያ ቁጥርና የአገልግሎት ሰጪው የአደጋ ጊዜ ስልክ በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፈው ከመኪናው ውጪ ይቀመጡ፤ መኪናው ውስጥ የተቀመጠ ወረቀት ከመኪናው ጋር ይሄዳል። መተግበሪያው ለሌላ ሰው ቦታውን በቀጥታ የሚያሳይ ጊዜያዊ ሊንክ የሚፈጥር ከሆነ፣ እንዴት እንደሚላክ አስቀድሞ መለማመድ ይበጃል፤ በስልክ «አሁን ወደ ግራ ታጠፈ» እያሉ መንገር ለፖሊሱም ለተናጋሪውም ከባድ ነው። መኪናው ከተገኘ በኋላም ፖሊስ ፈቅዶ እስኪያስረክብ ድረስ አይነካ፤ ሌባው የነቀለው የመጀመሪያው መሣሪያ ቦታ፣ የተቆረጠው ሽቦና በሽፋኑ ላይ የቀረው የጣት አሻራ ለምርመራው ይጠቅማሉ። ከዚያ በኋላ ሁለቱም መሣሪያዎች ወጥተው፣ በሌላ ባለሙያ እጅ ሌላ ቦታ ላይ እንደገና ይገጠማሉ።